ለልጄ፣ ወደ ላፓዝ ከመሄድሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ ለሜሮን። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ብቻ «ይሄ ቦሊቪያ የሚሉት አገር የት ነው?» እያለች መቀመጫ አሳጥታኛለች።

መሥሪያ ቤትሽ እዚያ ደቡብ አሜሪካ፣ የቦሊቪያ ከተማ ላፓዝ እንደመደበሽ ከነገርሽን ወዲህ እኔም ስለ አገሩ ሳነብ ነው የከረምኩት። ጡረታ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩልሽ።

ስፋቱ 1.1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልክ የእኛን አገር ያክላል። ሕዝቡ ግን በ2024 ሲቆጠር 11 ሚሊዮን ተኩል እንኳ አልሞላም። እኛ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነን! አብዛኛው መሬት ደን፣ ረግረግና ሣር የሞላበት ቆላ ነው። ትልቋ ከተማ ሳንታ ክሩዝም ያለችው እዚያ ቆላ ነው፤ በአኩሪ አተርና በከብት ነው የከበረችው። አንቺ የምትሄጂው ወደ ደጋው ነው፤ አይማራና ኬቹዋ ወደሚነገርበት። ሕገ መንግሥታቸው ስፓኒሽን ጨምሮ 37 ቋንቋዎችን የሥራ ቋንቋ አድርጓል።

ዕድሜውን በጅቡቲ መስመር የጨረሰ ሾፌር ግን ካርታ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ወደብ ነው። ቦሊቪያ ወደብ የላትም። ነበራት። አንቶፋጋስታ የምትባለው ወደብ የሷ ነበረች። በ1878 እዚያ ናይትሬት የሚባለውን የማዳበሪያና የባሩድ ጨው በሚያወጣ የቺሊ ኩባንያ ላይ በኩንታል 10 ሳንቲም ግብር ጣለች። ኩባንያው አልከፍልም አለ። በዓመቱ የቺሊ ጦር መጥቶ ከተማዋን ያዘ። ፔሩ ከቦሊቪያ ጎን ብትሰለፍም አልሆነም፤ ጠረፉ በሙሉ ሄደ። በ10 ሳንቲም የተጀመረ ነገር!

በ1904 በተፈረመው ውል ቺሊ ከአሪካ ወደብ እስከ ላፓዝ ሐዲድ ልትዘረጋ፣ ዕቃቸውንም በነፃ ልታሳልፍ ተስማማች። ባቡሩ በ1913 ሥራ ጀመረ። ሰዎቹ ግን ጉዳዩን አልተዉትም። ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራከሩ፤ በ2018 ፍርድ ቤቱ 12 ለ 3 በሆነ ድምፅ «ቺሊ የመደራደር ግዴታ የለባትም» አላቸው። አሁንም በየዓመቱ ማርች 23 የባሕር ቀን ብለው ሰልፍ ይወጣሉ። ባሕር ኃይልም አላቸው፤ ቲቲካካ ሐይቅና ወንዞቻቸው ላይ ነው የሚንቀሳቀሰው። እንዳትስቂባቸው፤ እኛም ወደብ ሳይኖረን አቋቁመናል።

ከአሪካ ላፓዝ በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ካለው በጣም ያንሳል። ዳገቱ ግን አይጣል ነው! ከባሕር ጠርዝ የተነሣ ተሳቢ ታምቦ ኬማዶ የሚባለው ኬላ ሲደርስ ከ4,500 ሜትር በላይ ወጥቷል። እዚያ ከፍታ ላይ ሞተር አየር ያጥረዋል፤ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ጭሱ ይጠቁራል። ሾፌሩም ራሱን ያመዋል። እኔ ጋላፊ ላይ በሙቀት ስቀቀል የሙያ ጓደኞቼ እዚያ በብርድ ሲንቀጠቀጡ ነበር ለካ።

ኑሯቸው ከጥንት ጀምሮ ከመሬት ሆድ በሚወጣ ነገር ነው። በስፔኖች ዘመን፣ በ1545፣ ፖቶሲ ላይ የብር ተራራ ተገኘ፤ ዛሬም ሰው ኮካ ቅጠል እያኘከ እዚያው ጉድጓድ ይገባል። ከዚያ ቆርቆሮ መጣ፣ ከዚያ ጋዝ። የያኔው ፕሬዚዳንት ኢቮ ሞራሌስ በ2006 ጋዙን የመንግሥት አደረጉት፤ ለተወሰኑ ዓመታት ገንዘብ እንደ ጉድ ገባ። በጊዜ አዲስ ጉድጓድ ስላልተፈለገ ግን ምርቱ ወረደ። ከ2023 ወዲህ ዶላር ጠፋ፣ የናፍጣ ወረፋም መጣ። የናፍጣ ወረፋን እንኳ ለእኔ አትንገሪኝ።

አሁን ተስፋቸው ኡዩኒ የሚባለው የጨው ሜዳ ነው። ከ10,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከሥሩ ያለው ሊቲየም የሚባለው የባትሪ ማዕድን በዓለም አንደኛ ነው ይባላል። እስካሁን ግን ይህ ነው የሚባል ምርት አልወጣም። የፈረንጅ ቱሪስት ሁሉ እዚያ ሄዶ ፎቶ ይነሣል። አንቺም ተነሺ፣ ግድ የለም። እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ ኤል አልቶን ነበር የማየው። ከ1985 ወዲህ የመንግሥት የቆርቆሮ ማዕድን ሲዘጋ ሥራ ያጣው ሠራተኛና ከገጠር የፈለሰው አይማራ ከላፓዝ በላይ ያሳደገው ከተማ ነው። ከ2014 ጀምሮ ሁለቱን ከተሞች በአየር ላይ በገመድ የሚሄድ መጓጓዣ ያገናኛቸዋል፤ ሠራተኛው እንደ ታክሲ ይሳፈርበታል። ሐሙስና እሑድ የሚቆመው ገበያቸው ደግሞ የእኛ ሶማሌ ተራ ማለት ነው፤ የመኪና መለዋወጫ እንደ ጉድ አለ አሉ።

አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ ኤል አልቶ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ። አዲስ አበባ ነው ያደግኩት ብለሽ እንዳትመኪ፤ እንጦጦ እንኳ እዚያ አይደርስም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ ማታ ምግብ አታብዢ፣ ወፍራም ሹራብ ያዢ። የኮካ ሻይ ሲሰጡሽ ጠጪ፤ እዚያ ሕጋዊ ነው። ቅጠሉን ግን በሻንጣሽ ይዘሽ እንዳትወጪ፤ ኮኬይን ስለሚሠራበት ሌላ አገር ያሳስርሻል።

ገበያውን ስታዪ የናፍጣ ፓምፕ በስንት እንደሚሸጥ ጠይቂልኝ። ስፓኒሹ እምቢ ካለሽ በጣትሽ አሳዪ።

አባትሽ