በሐዋሳ ለሚቋቋመው የጋራ የሙዚቃ መለማመጃና መቅረጫ ክፍል የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የሐዋሳ ከተማ ነዋሪዎች፣ ከዚህች ከተማ ወጥታችሁ በሌሎች ከተሞችና በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ እንዲሁም የሙዚቃ ወዳጆች በሙሉ፤

በሐዋሳ ሮክ፣ ጃዝና የባህል ሙዚቃ የምንጫወት ወጣቶች ተሰባስበን የጋራ መለማመጃና መቅረጫ ክፍል ለማቋቋም እየሠራን እንገኛለን። ከፒያሳ ብዙም ሳንርቅ አንድ ክፍል ከየኪሳችን አዋጥተን ተከራይተናል፤ የቀረን ክፍሉን በዕቃ ማሟላትና ድምፁ ጎረቤት እንዳይረብሽ አድርጎ መሥራት ነው። ድጋፉን የምንጠይቀው ለአንድ ባንድ ወይም ለአንድ ድምፃዊ አለመሆኑ ከወዲሁ እንዲታወቅልን እንወዳለን። ክፍሉ መሣሪያ መያዝ ለሚማረው ጀማሪም ሆነ ለዓመታት መድረክ ላይ ለቆየው ሙዚቀኛ እኩል ክፍት ይሆናል።

ይህን መንገድ ለምን እንደመረጥን ለማስረዳት፣ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ስናዳምጠውና ታሪኩን ስንከታተል የኖርነውን ፉጋዚ የተባለውን የአሜሪካ የፓንክ ሮክ (ፈጣንና ጩኸት የበዛበት የሮክ ዓይነት) ባንድ ጉዞ ማስታወስ ይበቃል ብለን እናምናለን።

ከፉጋዚ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዋሽንግተን ዲሲ ቲን አይድልስ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ባንድ ነበር። ልጆቹ ከየዝግጅቱ የሚያገኟትን ጥቂት ገንዘብ አይከፋፈሏትም፤ በአንድ የሲጋር ሣጥን ውስጥ ያጠራቅሟት ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ባንዱ ሲበተን ያችን ገንዘብ መካፈል ይችሉ ነበር፤ እነሱ ግን የተጫወቱት ሙዚቃ ጠፍቶ እንዳይቀር ሸክላ ማሳተምን መረጡ። ሥራቸውን የሚያሳትምላቸው ኩባንያ ስላልነበረ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ኢያን ማካይና ድራም መቺው ጄፍ ኔልሰን ከጓደኛቸው ጋር ሆነው ዲስኮርድ የሚባለውን የራሳቸውን አሳታሚ አቋቋሙ፤ ሸክላውንም በ1000 ቅጂ አሳተሙ። ሽፋኑን የሚያዘጋጅ ባለሙያ መክፈል ስላልቻሉ፣ ታትሞ የመጣውን ወረቀት በመቀስ እየቆረጡ፣ እያጠፉና በሙጫ እያጣበቁ በእጃቸው ሠሩት። ያ አሳታሚ እስከ ዛሬ ድረስ አለ፤ ከባንዶቹም ጋር የሚሠራው ያለ ጽሑፍ ውል፣ በቃል ስምምነትና በመተማመን ነው።

ማካይ በኋላ የመሠረተው ፉጋዚ የመጀመሪያ ዝግጅቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1987 በዚያችው ከተማ ነው። ባንዱ ሥራ አስኪያጅ አልቀጠረም፤ የመግቢያ ዋጋውን በአብዛኛው 5 ዶላር ላይ እንዲቆይ አደረገ፤ በዕድሜ ምክንያት ማንም ከበር እንዳይመለስ ጸና፤ ታላላቅ ኩባንያዎች ቢፈልጉትም ከዲስኮርድ አልወጣም። በገዛ ከተማው በዋሽንግተን የሚያቀርበው ዝግጅት ደግሞ ወይ በነፃ፣ ወይ ለተቃውሞ ሰልፍ፣ ወይ ለበጎ አድራጎት ገቢ ማሰባሰቢያ ነበር። ብዙዎቹ የዲስኮርድ ሥራዎች የተቀረጹበት ኢነር ኢር ስቱዲዮ እንኳ ሲጀመር ዶን ዚየንታራ የተባለው የድምፅ ባለሙያ በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ያደራጀው ክፍል ነበር። እኛን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ፉጋዚ መድረክ በወጣባቸው ዓመታት ከ1000 በላይ ዝግጅቶችን አቅርቧል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ800 የሚበልጡት ተቀርጸው ተቀምጠዋል። ባንዱ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ መድረክ ላይ ባይወጣም፣ በ2011 እነዚህን ቅጂዎች አንድ በአንድ ለሕዝብ ማቅረብ ጀመረ፤ ለአንዱም 5 ዶላር እንዲከፈል ሐሳብ አቅርቦ፣ አቅም ያነሰው 1 ዶላር፣ የተረፈው ደግሞ እስከ 100 ዶላር እንዲከፍል ፈቀደ። የሳቱትን ዜማ፣ የተበጠሰውን ክር፣ ከተመልካች ጋር የተለዋወጡትን ንግግር ጭምር ሳይቆርጡ ነው ያቀረቡት። የአንድ ባንድ ታሪክ በሌላ ሰው ትረካ ሳይሆን በራሱ ድምፅ ተጠብቆ የቆየው እንዲህ ነው።

የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል ካለ፣ የራሳችንን ዋልያስ ባንድ እንጥቀስ። በአዲስ አበባ ብዙ ባንዶች የክለቡን ባለቤት መሣሪያ ይዘው በሚጫወቱበት ዘመን ዋልያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው መሥራታቸው ነፃነታቸውን አስከብሮላቸዋል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ከቀሩት አባላት አንዱ ኃይሉ መርጊያ፣ የፓንክ ወጣቶቹ የሸክላ ሽፋን በሚያጣብቁባት በዚያችው በዋሽንግተን፣ በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት የታክሲ ሹፌር ሆኖ ኖረ። ካሴቷ በባሕር ዳር ሙዚቃ ቤት ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገብታ በ2013 ዳግም ስትታተም ነው ኃይሉ ወደ ዓለም መድረኮች የተመለሰው። ያቺ አንዲት ካሴት ባትቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

በሐዋሳ ያለው ሁኔታ ግን ልባችንን ያሳዝነዋል። ከተማችን ሙዚቀኛ አላጣችም፤ በሐይቁ ዳርቻ ባሉ ሆቴሎች ቅዳሜና እሑድ የሚጫወቱትን፣ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ከሠርግ ወደ ሠርግ የሚሮጡትን፣ በፊቼ ጨምበላላ የሚዘፍኑትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነገር ግን ድራሙም ሆነ አምፕሊፋየሩ የቤቱ ባለቤት ስለሆነ፣ ተጫዋቹ መሣሪያውን የሚነካው በሥራ ሰዓት ብቻ ነው፤ የሚጫወተውም የታዘዘውን ነው። የራሱን ድርሰት የሚለማመድበት ቦታ የለውም። ልምምድ ሲገኝም የሚቀረጸው ወንበር ላይ በተቀመጠ የእጅ ስልክ ነው፤ በዚያ ቅጂ ውስጥ ድራሙ ሁሉንም ውጦት ድምፃዊው ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ይሰማል። ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ደግሞ የአንድ ባንድ የዓመታት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ከመካከላችን ባንዳቸው ከተበተነ በኋላ አንድም ዜማቸው በእጃቸው ያልቀረ ልጆች አሉ።

ስለዚህ በመጀመሪያ የምንፈልገው ለግድግዳውና ለበሩ ድምፅ የሚያፍን ሥራ ነው። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ብዙዎች የሚሞክሩት መፍትሔ ቢሆንም የክፍሉን ማስተጋባት ጥቂት ከመቀነስ በቀር ድምፁ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ አያደርግም፤ ለዚህ ክብደት ያለው ሁለተኛ ግድግዳ፣ በመካከሉም የሚሞላ ፋይበር፣ ክፍተት የማይተው ከባድ በር ያስፈልጋል። ጎረቤቶቻችን ሕፃናትና አረጋውያን ያሉባቸው ቤተሰቦች ስለሆኑ ይህ ሳይጠናቀቅ አንድም ድራም አይመታም። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ሙሉ ድራም፣ ለጊታርና ለቤዝ የሚሆኑ ሁለት አምፕሊፋየሮች፣ ማይኮች፣ የእያንዳንዱን መሣሪያ ድምፅ ለየብቻ የሚቀርጽ ሚክሰር፣ መብራት ሲጠፋ የተጀመረው ቅጂ እንዳይበላሽ የሚያቆይ ባትሪና ሁለት ሀርድ ዲስኮች ያስፈልጉናል። ሀርድ ዲስኩ ሁለት የሆነው አንዱ ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ ሌላው በሌላ ቤት እንዲቀመጥ ስለወሰንን ነው።

በክፍሉ የሚቀረጽ ማንኛውም ሥራ ንብረትነቱ የሙዚቀኛው ይሆናል፤ እኛ የምናስቀምጠው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱንም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለማንም አንሰጥም። የሰዓት ክፍያው ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ የመብራትና የኪራይ ወጪ ብቻ የሚሸፍን ይሆናል፤ ተማሪዎች ግማሹን ይከፍላሉ። የሲዳማን የቆዩ ዜማዎች የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ለመቀረጽ ፈቃደኛ ሲሆኑ ምንም ክፍያ አይጠየቁም። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ አጥብቀን እንይዘዋለን፤ እነሱ ካለፉ በኋላ በገንዘብ የማይገኝ ነገር ነውና።

መዋጮው 200 ብር እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን፤ ተማሪ 20 ብር ቢሰጥ በምስጋና እንቀበላለን፤ የተሻለ አቅም ያለውም ወሰን አልተደረገበትም። ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ሲሆን፣ ቁጥሩን ከክፍሉ በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ወይም ከገንዘብ ያዣችን ማግኘት ይቻላል። ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ ይሰጣል፤ የገባውና የወጣው ሒሳብም በየወሩ መጨረሻ በዚያው በር ላይ ይለጠፋል።

በገንዘብ መርዳት የማትችሉ በሙያችሁ እንድታግዙን እንጠይቃለን፤ አናጢ፣ ኤሌክትሪሺያንና ግንበኛ በእጅጉ ያስፈልጉናል። በየቤታችሁ ሥራ የፈታ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ የተበላሸም ቢሆን አምፕሊፋየር ካለ ጠግነን እንጠቀምበታለን። በሐዋሳ ይጫወቱ የነበሩ የኪነት ቡድኖችንና ባንዶችን ድምፅ የያዘ ካሴት ያላችሁ ደግሞ ብታውሱን፣ ወደ ኮምፒውተር ገልብጠን ካሴቱን ከአንድ ቅጂ ጋር እንመልስላችኋለን። ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ክፍሉ ክፍት ስለሆነ፣ ከመስጠታችሁ በፊት መጥታችሁ ቦታውን እንድታዩና የምትፈልጉትን ሁሉ እንድትጠይቁን በአክብሮት እንጋብዛለን።