«ኪሴ» ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለአስጎብኚዎች ብላችሁ የጀመራችሁትን የስፓኒሽ ትምህርት እኛ ባሕር ዳር ያለን ልጆች እየተቀባበልን ነው የምናነበው። በርቱ። ባለፈው ግን «ኬሬር» የሚለውን ግስ «መፈለግ፣ መውደድ» ብላችሁ ፈታችሁና ላለፈ ጊዜ «ኪሴ» በሉ ብላችሁ ዘጋችሁት። ይሄ አያስኬድም። ስፔኖች ላለፈ ነገር «ኪሴ»ም «ኬሪያ»ም አላቸው፣ ጀልባ ላይ ደግሞ ሁለቱንም ነው የምንሰማው። (አዲስ ልጅ «ኪሴ» ሲባል ሰውየው የተሰረቀ መስሎት ይደነግጣል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

ጣና ላይ ያለውን የክብራን ገብርኤል ገዳም ውሰዱ። ሴት አይገባበትም። አንዲት እንግዳ «ኪሴ ኤንትራር» ካለች ብዙ ጊዜ ልትገባ ሞክራ ተከልክላለች ማለት ነው፤ ሳትቀየም ቀረብ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል። «ኬሪያ ኤንትራር» ካለች ግን የነበራትን ፍላጎት ነው የነገረችን፣ ትግባ አትግባ አልተናገረችም። «ኖ ኪሴ» እምቢ አልኩ ነው፣ ቁርጥ ያለ። «ኖ ኬሪያ» ለዘብ ይላል፣ ሳይፈልግ ያደረገ ሰውም ይለዋል። «ላ ኪሴ ሙቾ» ያለ ሰው ደግሞ በጣም ወድጃት ነበር፣ አለፈ እያለ ነውና «አሁን እንዴት ናት?» ብላችሁ እንዳትጠይቁት።

እኔን የሚገርመኝ ቡናው ነው። ዘጌ ላይ «ኬሪያ ኡን ካፌ» የሚል እንግዳ ስለ ትናንት አያወራም፣ አሁን አምጡልኝ ነው የሚለው። እኛስ በጨዋ ደንብ «ቡና ፈልጌ ነበር» እንል የለ? የእናንተን ትምህርት ይዞ ማድሪድ የገባ ልጅ «ኪሴ ኡን ካፌ» ቢል አስተናጋጁ «እና ማን ከለከለህ?» ሊለው ነው።

ታሪክ ስንተርክም ያው ነው። ጎርጎራ የሞተው ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1618 ግሽ ዓባይን «ቪዮ» እንላለን። አየ፣ አለቀ። «ቬያ» ካልን እንግዳው «እያየ ሳለስ ምን መጣ?» ብሎ ቀሪውን ይጠብቃል።

በሚቀጥለው ዕትም ሁለቱን ጎን ለጎን አውጡልን። «ሳቤር» (ማወቅ) ላይ ስትደርሱም ተጠንቀቁ፦ «ሱፔ» ደረስኩበት፣ ሰማሁ ነው፤ «ሳቢያ» ድሮም አውቅ ነበር።

አንድ የጣና አስጎብኚ፣ ከባሕር ዳር