ተኩስ ያነሰው ፊልም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ሄል ኦር ሃይ ዋተር» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ከወዳጆቼ ጋር አይቼ ነበር። አንዱ «ተኩሱ ጥቂት፣ ወሬው ብዙ» አለ። ሌላው በ12 ሚሊዮን ዶላር ከተሠራ ፊልም ከዚህ የተሻለ አይጠበቅም ብሎ ደመደመ። ይህ ፍርድ እጅግ አሳዝኖኛል።

ሁለት ወንድማማቾች የእናታቸውን መሬት በዕዳ ሊወስድ የተቃረበውን ባንክ ቅርንጫፎች ይዘርፋሉ፤ ዕዳውንም ለራሱ ለባንኩ በዘረፉት ገንዘብ ለመክፈል ያስባሉ። ታሪኩ የምዕራብ ቴክሳስ ነው፤ የተቀረጸው ግን በኒው ሜክሲኮ ነው። ካሜራው በመንገድ ዳር የተተከሉትን የፈጣን ብድር ማስታወቂያዎች እያሳየ ሲያልፍ ያገሩ ችግር ያለ አንድ ቃል ይነገራል።

አስተናጋጇን አስታውሱ። ከዘራፊዎቹ አንዱ 200 ዶላር ጉርሻ ይተውላታል። ዘራፊዎቹን የሚያሳድደው ፖሊስ ገንዘቡን ለማስረጃ ሲጠይቃት አልሰጥም ትላለች፤ የቤት ዕዳ አለባትና። እኔ እዚያ ላይ ትንፋሼን ዋጥሁ። አንድም ጥይት አልተተኮሰም! ለዚህ ትዕይንት የሚያስፈልገው ጥሩ ጽሑፍና ጥሩ ተዋናይ ነው፤ ብዙ ገንዘብ ምን ይጨምርለታል?

ፊልሙ «ወንበዴን ያሞካሻል» የሚለውንም ትችት አልቀበልም። በዝርፊያው ንጹሐን ይሞታሉ፤ ባልደረባውን ያጣው አዛውንት ፖሊስም ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ በሕይወት የተረፈውን ወንድም ደጁ ድረስ ሄዶ በረንዳው ላይ ስለ ዝርፊያው ይጠይቀዋል። ያንን የበረንዳ ንግግር ሳይጨርሱ የተነሡ ወዳጆቼ ተመልሰው እንዲያዩት እለምናለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የፊልም ወዳጅ