የአይስላንድ ጉዞ፦ የምንይዘውና የምንወስነው

ሰላም ቤተሰብ። የጁላይ 18ቱ ጉዞ ደርሷል፤ ምን እንደምትይዙ ልንገራችሁና በመሀል አገሩ ደጋ እንሂድ ወይስ በባሕር ዳርቻው የሚለውን እንወስን።

በጋ ነው ብላችሁ በቲሸርት እንዳትመጡ። ሬይኪያቪክ በጁላይ ቀን ላይ 13፣ 14 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ የደብረ ብርሃንን ክረምት አስቡ፣ ነፋሱ ግን ይብሳል። ዣንጥላ ትርፉ ሸክም ነው። ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ጠንካራ ጫማ፣ ሌሊቱም በደንብ ስለማይጨልም የዓይን መሸፈኛ ያዙ።

ከሬይኪያቪክ ብዙም የማይርቀው የሬይክያኔስ ልሳነ ምድር ከ2021 ጀምሮ እሳተ ገሞራ ደጋግሞ ፈንድቶበታል፤ የግሪንዳቪክ ነዋሪዎችም በኖቬምበር 2023 ከተማቸውን ለቀው ወጥተዋል። የሚያሰጋው ላቫው ብቻ ሳይሆን ጋዙም ስለሆነ አስም ያለበት በግል ይጻፍልኝ። ሬይኒስፍያራ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ደግሞ ጀርባን ለባሕሩ ሰጥቶ ፎቶ መነሳት የለም! ሞገዱ ሳይታሰብ መጥቶ ሰው ወስዶ ያውቃል።

የደጋው መንገድ ፎር ዊል ይፈልጋል፣ ድልድይ የሌላቸው ወንዞችም አሉት፤ ከሰዓት በኋላ የበረዶ ግግሩ ሲቀልጥ ይሞላሉ። እኔ ይቅርብን ባይ ነኝ።

የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያውን ጠዋት ጠዋት አያለሁ፤ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ከሆነ ንቅንቅ አንልም። የአደጋ ስልክ 112 ነው፣ አሁኑኑ መዝግቡት።

እሑድ ማታ በአበሻ 2 ሰዓት (በፈረንጅ 8) እዚሁ ግሩፑ ላይ እንደዋወላለን። እስከ ዓርብ «ደጋ» ወይም «ዳርቻ» ብላችሁ መልሱልኝ፤ መኪና የምከራየው በዚያ ነው።