ትልቁን ርካሽ ቦርሳ መሸጥ ለምን አቆምን?

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከጥምቀት ወዲህ ጎንደር ወዳለው የቦርሳ ሱቃችን መጥታችሁ፣ የለመዳችሁትን ባለ 70 ሊትር ትልቅ ቦርሳ አጥታችሁ፣ ተቀይማችሁ የወጣችሁ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ በቴሌግራም ጻፋችሁልኝ። አንዳንዶቻችሁ ሠራተኞቼ ላይ ጮኻችሁ። «እሷም እንደ ሌላው ነጋዴ ሆነች፣ ርካሹን ደብቃ ውዱን ታወጣለች» የሚል ወሬም ጆሮዬ ደርሷል። ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው።

ከደባርቅ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ባዶ እጃችሁን ለተመለሳችሁ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ይጸናል። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ። ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

መጀመሪያ የተምታታውን ላጥራ። የቀረው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ከመርካቶ እያመጣን እንሸጠው የነበረው፣ ፍሬም የሌለው፣ የወገብ መታጠቂያው እንደ ገመድ የቀጠነው ትልቁ ቦርሳ ነው የቀረው። የተማሪ ቦርሳ እንዳለ ነው። ለአንድ ቀን መንገድ የሚሆነው ትንሹም አለ። በትልቁ ፋንታ እዚሁ ጎንደር የምንሰፋውን አቀረብን። ጀርባውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ፍሬም አለው፤ ፍሬሙም ሁለት የአሉሚኒየም ዘንጎች ነው። መታጠቂያው ወፍራም ነው። በፍሬሙና በከረጢቱ መካከልም ከባድ ዕቃ የሚታሰርበት ቦታ አለው። የፊተኛው 2,800 ብር ነበር፤ ይሄኛው 6,500 ብር ነው። አዎ፣ ከእጥፍ በላይ ነው። አልደብቃችሁም።

የሱቁ ልጆች ይህንን አዲሱን «የአደን ቦርሳ» ሲሉት ደግሞ ሌላ ቅሬታ መጣ። «በሰሜን ተራሮች ደጃፍ ላይ ሆናችሁ የአደን ዕቃ ትሸጣላችሁ ወይ?» ተባልን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም ዋናው ሐሳብ ዋልያን ማትረፍ ነበር። እዚያ ማደን ክልክል ነው፤ ክልክል ሆኖም እንዲኖር ከማንም በላይ የምንፈልገው የዋልያን እንጀራ የምንበላ እኛ ነን። ሱቃችን ውስጥ ከአደን ጋር የሚገናኝ ሌላ አንዳች ነገር የለም። ቅርጹ ብቻ ነው ከአዳኞች የመጣው።

ለምን ከአዳኞች? በአሜሪካና በካናዳ ተራሮች ኤልክ የሚባል ትልቅ አጋዘን በፈቃድ ይታደናል። ወንዱ 300 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። መኪና በማይገባበት ጫካ ሥጋውን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የሰው ጀርባ ነው። ብልት ብልቱን አውጥተው፣ ከአጥንት ለይተው፣ ተመላልሰው ይሸከሙታል። ጠዋት ቀለል ብሎ የወጣ ሰው ማታ ጎብጦ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ቦርሳው ባዶ ሲሆን በጠፍሮቹ ተጠብቆ የሚያንስ፣ ሲጫን ደግሞ የማይጎብጥ መሆን አለበት። ሥጋው ከከረጢቱ ውስጥ አይገባም። በፍሬሙና በከረጢቱ መካከል፣ ጀርባ ላይ ተጣብቆ ይታሰራል። ልብ በሉ፣ ሥጋ ቦታ አይፈጅም፤ ክብደቱ ነው የሚያደክመው።

አብዛኞቻችሁ ስትገዙ የምትጠይቁኝ «ስንት ሊትር ነው?» ብላችሁ ነው። ሊትር ግን የሚነግራችሁ ስንት ዕቃ እንደሚገባ እንጂ ስንት ኪሎ እንደምትችሉ አይደለም። 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። 70 ሊትር ቦርሳ ሙሉ ብርድ ልብስና ጃኬት ከዚያ ግማሹን ላይመዝን ይችላል። ኩኮች፣ ማለትም ለተጓዦች ምግብ የምታበስሉ፣ የምትሸከሙት ምንድን ነው? ድስት፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ የጋዝ ሲሊንደር። የፊልም ሰዎች ደግሞ ባትሪና ሌንስ። ሁሉም እንደ ሥጋው ነው፤ ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ይመዝናል። ፍሬም የሌለው ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ወደ ታች ይንሸራተትና ከጀርባ ይርቃል። የራቀ ክብደት ወደ ኋላ ይጎትታል። ሰውየው ላለመውደቅ ወደ ፊት ይጎነበሳል። በዚያ አኳኋን ስድስት ሰዓት ተራመዱ።

በቅሎ ነጂዎቻችን ይህንን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በቅሎ ላይ ጭነት ሲላላ፣ ወይ ወደ አንድ ጎን ሲያደላ፣ ማታ ኮርቻው ሲነሳ ጀርባዋ ገጥቦ ይገኛል። የገጠበች በቅሎ እስክትድን አትጫንም። ሰው ግን ታሞም ይሸከማል፤ ቤተሰብ አለበትና። የሰው ገጣባ ደግሞ ከውስጥ ስለሆነ አይታይም።

ውሳኔው ላይ ያደረሰኝ እሱ ነው። ላለፉት ዓመታት ለጥገና የምትመጡ ልጆች ቦርሳውን አስቀምጣችሁ ክንዳችሁን ታሻላችሁ። አንዱ ኩክ ክፍያውን ሊቆጥር ሲል ብሩ ከጣቱ አመለጠው። «እጄ ይደነዝዛል» አለኝ፤ ለሱ ተራ ነገር ነው። ጠይቄ የተረዳሁት ይህ ነው። ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ከአንገት ተነስተው በትከሻ አጥንት ሥር ያልፋሉ። ሁሉም ክብደት በትከሻ ማንገቻ ሲንጠለጠል ማንገቻው እነሱን ይጫናል። ክንድ ይደነዝዛል፤ ሲብስም ይዝላል። የወገብ መታጠቂያ በደንብ ሲታሰር ግን አብዛኛው ክብደት ወደ ዳሌ አጥንት ይወርዳል፤ ትከሻ ቦርሳውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ብቻ ይሆናል ሥራው። መታጠቂያው ክብደት እንዲቀበል ደግሞ ከላይ እስከ ታች የሚያያዝ ፍሬም ያስፈልጋል። ያለ ፍሬም ወፍራም መታጠቂያ ብንሰፋበትም ቦርሳው መሃሉ ላይ ይታጠፋል። በርካሹ ላይ መታጠቂያ ብቻ ጨምሬ ለምን እንዳልሸጥኩት ለጠየቃችሁኝ መልሱ ይሄ ነው።

እሱም ቢሆን ጎንደር ከተማ ውስጥ አይደለም የምትሸከሙት። ሰሜን ተራሮች ላይ ነው። እዚያ ያሉት ማደሪያዎች፣ ሳንቃ በር 3,250 ሜትር፣ ግጭ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የቧሂት ተራራ ከ4,400 ሜትር ያልፋል። እዚያ ባዶ እጅም ያስተነፍሳል። ደረታችሁን አጉብጣችሁ ስትወጡ ያለችውን አየር እንኳን በወጉ አትስቡም።

አሁን ወደ ልኬቱ ልምጣ። «ወንድሜ ይወስድልኛል» ብላችሁ ሰው ስትልኩ መልሰን መላካችን ብዙዎቻችሁን አስቆጥቷል። ትልቁን ቦርሳ ጀርባ ሳንለካ አንሸጥም። የምንለካው የሰውየውን ቁመት አይደለም። አንገታችሁን ስታቀረቅሩ ከበስተኋላ ሥሩ ላይ አንድ አጥንት ጎላ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ጀምረን፣ እጃችሁን በወገባችሁ ስትይዙ ሁለቱ አውራ ጣቶች እስከሚገናኙበት መስመር ድረስ ሜትሩን በጀርባችሁ እናወርዳለን። ረጅም ሰው አጭር ጀርባ ሊኖረው ይችላል፤ ቁመቱ እግሩ ላይ ነው። አጭሯ እህቱ ደግሞ ከሱ የሚበልጥ ጀርባ ሊኖራት ይችላል። ወንድማችሁ በሱ ልክ የወሰደው ቦርሳ ለእናንተ መታጠቂያው ሆድ ላይ ይውላል። ሆድ ላይ የዋለ መታጠቂያ ትንፋሽ ከማሳጠር ውጪ ጥቅም የለውም።

ቤት ያለውንም ቦርሳ ቢሆን አስተሳሰራችሁን አስተካክሉ። ሁሉንም ጠፍር አላሉ። ቦርሳውን አንግቱ። በመጀመሪያ መታጠቂያውን ዳሌ አጥንት ላይ አድርጋችሁ አጥብቁ። ቀጥሎ የትከሻውን ማንገቻ፣ እንዲነካ ያህል እንጂ እንዲሸከም አይደለም። ከዚያ ከትከሻ በላይ ወደ ቦርሳው የሚሄዱትን ሁለት ትንንሽ ጠፍሮች ሳብ አድርጉ። የደረቱ መጨረሻ ላይ፣ ያውም ላላ ብሎ። ከባዱ ዕቃ ጀርባችሁን ተጠግቶ መሃል ላይ፣ ብርድ ልብሱ ከታች፣ ዝናብ ልብሱ ከላይ ይሁን። ብዙዎቻችሁ ድስቱን ከውጭ ታንጠለጥላላችሁ። እባካችሁ ተዉት።

ስለ ክብደትም አንድ ነገር ልበል። ሙሉ ቀን ለሚራመድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመከረው የራሱን ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 12 ኪሎ ማለት ነው። የእኛ ቦርሳ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ይችላል። ቦርሳው ቻለ ማለት ግን ሰውየው ቻለ ማለት አይደለም። ቀሪው ለበቅሎ ነው። አስጎብኚዎች፣ የአንዲት በቅሎ ኪራይ ለማትረፍ ልጆቹ ላይ አትደርቡ። ይህንን የምለው ቦርሳ እየሸጥኩ ነው።

ዋጋውን እንመልከት። ጨርቁ 1,000 ዴኒየር ናይለን ነው (ዴኒየር የክር ውፍረት መለኪያ ነው)፤ ድንጋይ ሲቧጭረው በቀላሉ አይቀደድም። ዘለበቱ፣ ጠፍሩ፣ ጠጣሩ ስፖንጅ፣ አሉሚኒየሙ ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እናንተ በዘይትና በነዳጅ ያያችሁትን እኔ በዘለበት አየሁት። የቤት ኪራዩ ጨመረ። መብራት በጠፋ ቁጥር የስፌት መኪናዎቹ ይቆማሉ፤ የሰፊዎቹ ደሞዝ ግን አይቆምም። ክሩን እንኳን ብትሉ፣ የጥጥ ክር በላብና በዝናብ ይበሰብሳል፤ የማይበሰብሰው ውድ ነው። ማንገቻው ከቦርሳው የሚገናኝበትን ቦታ ደጋግመን ነው የምንሰፋው፤ ርካሹ ሁልጊዜ የሚበጠሰው እዚያ ነበር።

ከ6,500 ላይ የሚቀረኝ ትርፍ ከርካሹ አገኝ ከነበረው አይበልጥም። ርካሹን አምጥቼ በአንድ ቀን ልሸጠው እችል ነበር። ይሄኛውን ለመስፋት ሁለት ሰው ቀናት ይፈጅበታል። ለትርፍ ብዬ ቢሆን ኖሮ የቀድሞውን አልተውም ነበር። ይህንን እንድታምኑኝ ነው የምለምናችሁ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። አባቴ አዘዞ የመኪና ሸራ ሰፊ ነበር። መርፌው ወፍራም የሆነውን የስፌት መኪናውን ለኔ ተወልኝ፤ ዛሬም እንሰፋበታለን። ቦርሳ መስፋት ያስተማረኝ ግን የለም። አስጎብኚዎች ከቱሪስት በስጦታ ያገኛችሁትን የተቀደደ ቦርሳ ስታመጡልኝ፣ ስፌቱን እየፈታሁ ውስጡን አይቼ ነው የተማርኩት። በኮሮና ጊዜ ቱሪስት ሲጠፋ ቦርሳ የሚገዛ አልነበረም፤ ያኔ የትራስ ልብስና መጋረጃ እያመጣችሁ ያሰፋችሁኝ እናንተው ናችሁ። መንገዱ በተዘጋባቸው ወራትም ሱቁ ያልተዘጋው በእናንተ ነው። ይህንን ስለማልረሳ ነው «ጨከንሽብን» ስትሉኝ የሚያመኝ። እጅ የሚያደነዝዝ ዕቃ ለእነዚህ ሰዎች አልሸጥም ማለት ጭካኔ አይመስለኝም።

6,500 ብር በአንዴ ማውጣት ለሁሉም እንደማይሆን ይገባኛል። ስለዚህ በማኅበር የተደራጃችሁ አስጎብኚዎች፣ ኩኮችና በቅሎ ነጂዎች በሦስት ወር እየከፈላችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፤ መታወቂያና አንድ ዋስ ይበቃል። ለአንድ ጉዞ ብቻ የምትፈልጉት ደግሞ አከራያችኋለሁ። ቤት ያላችሁት ቦርሳ ጨርቁ ደህና ከሆነ አምጡት፤ ዘንግና መታጠቂያ እንገጥምበታለን፤ ዋጋው ከአዲሱ ግማሽ በታች ነው። ከእኛ የገዛችሁትን የቀድሞውን ቦርሳ ስፌት እንደ ወትሮው በነጻ እንጠግናለን።

ልኬት በነጻ ነው። መግዛትም ግዴታ የለም። አሸዋ በከረጢት አዘጋጅተናል፤ ሁለቱንም ዓይነት ቦርሳ በ15 ኪሎ ሞልተን አንግታችሁ እስከ ፒያሳ ደርሳችሁ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ርካሹ ይሻለኛል የሚል ካለ ከየት እንደሚያገኘው አድራሻውን እኔው እሰጠዋለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ምሽቱ 12፡30 ክፍት ነን። ከደባርቅና ከዳባት የምትመጡ ቀድማችሁ ደውሉልን፤ የእናንተን ልክ አስቀርተን እንጠብቃችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት
ጎንደር