የድራማው እባብና የመተማው እባብ

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የመዝናኛ ዓምድ ላይ ስለ አንድ ተከታታይ ድራማ የወጣውን አስተያየት አነበብኩ። ጸሐፊው ከሁሉ አብልጠው የወደዱት እባብ የነደፋትን ልጅ ፍቅረኛዋ የሚያድንበትን ትዕይንት ነው። ነጠላዋን ቀዶ እግሯን ጥፍር አድርጎ ያስራል፣ በምላጭ ይበጣል፣ መርዙን በአፉ እየመጠጠ ይተፋል። «ልብ የሚነካ» ብለውታል። ድራማውን እኔም አይቼዋለሁ፤ ባለቤቴ አልቅሳለች። እኔ ግን ተነስቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት፤ እስካሁንም አኩርፋኛለች።

ነርስ ነኝ፤ መተማ አካባቢ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚያ ቆላ የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከደጋው የሚወርደው ወጣት ለጉድ ነው። ቀን በኮንጎ ጫማ፣ ሲብስም በባዶ እግሩ ያርማል፤ ማታ መሬት ላይ ይተኛል። እፉኝትም የሚኖረው እዚያው ነው። እፉኝት ደግሞ በፊልም እንደምናየው እባብ ሰው አያሳድድም። ወፍራምና ዘገምተኛ ነው፤ መልኩ ከደረቀ ቅጠል አይለይም። አንድ ቦታ ተጋድሞ አይጥ ሲጠብቅ ይውላል፤ ሰው ሲመጣም ከመሸሽ ይልቅ ባለበት ጭጭ ይላል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ብዙው ሰው መኖሩን የሚያውቀው ከረገጠው በኋላ ነው።

አንድ ማለዳ በአይሱዙ ጭነው ያመጡት ልጅ አይረሳኝም። ዕድሜው 19 ነበር። የተነደፈው ማታ ነው። እግሩን ከጉልበቱ በታች በማዳበሪያ ከረጢት ሲባጎ አስረውታል፤ እግሩ ከማበጡ የተነሳ ሲባጎው ሥጋው ውስጥ ገብቶ ለማየት እንኳ ያስቸግር ነበር። ከማሰሪያው በታች ጠቁሯል፤ ሁለት ቦታ በምላጭ ተተልትሏል። የመጠጠው ጓደኛው ከንፈሩ አብጦ አጠገቡ ቆሟል። ሌላው ደግሞ የሞተውን እባብ በፌስታል አንጠልጥሏል። «እባብ ግደል፣ ከነበትሩ ገደል» ይባል የለ? እሱን ፍለጋ ጨለማ ውስጥ ስንት ሰዓት እንዳባከኑ እግዜር ይወቀው። የተቆረጠ የእባብ ራስ እንኳ መንከስ እንደሚችል ነግሬ ፌስታሉን ከግቢ አስወጣሁት።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አልኩት የመጠጠውን። «ዶክተር፣ ፊልም ላይ እንደዚህ ነው የሚያደርጉት» አለኝ። (ቆላ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) ልጁን ወደ ጎንደር ላክነው፤ እግሩ ተቆረጠ። እግሩን ያሳጣው እባቡ ይሁን ሲባጎው ለይቼ መማል አልችልም። የእፉኝት መርዝ ግን ሲባጎ ባይታሰርበትም ሥጋ ያበሰብሳል። ያንን መርዝ አንድ ቦታ አጠራቅሞ ደም እንዳያልፍ ማነቅ ምን እንደሚያስከትል መገመት አይከብድም። መምጠጡም ከንቱ ነው፤ መርዝ እንደ እሾህ ቆዳ ላይ ተሰክቶ አይጠብቅም፤ ወዲያው ሥጋ ውስጥ ይሰራጫል። ያ ልጅ ሲተፋ ያደረው የጓደኛውን ደም ነው።

የድራማው ደራሲ ላይ ብቻ አልፈርድም፤ እሱም ያየውን ነው የጻፈው። የእኔ ትውልድ በቪዲዮ ቤት ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን «አናኮንዳ» ያላየ ማን አለ? እባቡ ይጮሃል፤ እውነተኛ እባብ ግን የድምፅ አውታር እንኳ የለውም፤ ቢበዛ እፍፍ ነው የሚለው። የዋጠውን ሰው ተፍቶ ወዲያው ሌላ ያሳድዳል፤ እውነተኛው አናኮንዳ ትልቅ እንስሳ ከዋጠ በኋላ ለሳምንታት ምግብ የማያምረው ፍጡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981ዱ የኢንዲያና ጆንስ ፊልምማ፣ ወለሉን ከሞሉት «እባቦች» ብዙዎቹ እግር የሌላቸው እንሽላሊቶች ናቸው። እባብ የዐይን ቆብ ስለሌለው አይርገበገብም፤ ሲርገበገብ ካያችሁት እንሽላሊት ነው። ይህን እንኳ ስቄ አልፈዋለሁ፤ በእንሽላሊት የተነሳ እግሩ የተቆረጠ ሰው አላየሁም።

ቋንቋችንም ትንሽ ያሳስተናል መሰለኝ። እባብ «ነደፈ» እንላለን፣ እንደ ንብና እንደ ጊንጥ። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚነድፈው በምላሱ ነው ብሎ ያምናል፤ ፊልሞቹም ምላሱን እያጎሉ ያስፈራሩናል። ምላሱ ግን ማሽተቻው ነው። መርዙ የሚወጣው በጥርሱ ነው።

እንግዲህ ተረት ይጥፋ እያልኩ አይደለም። የሳባን ታሪክ በሚተርኩት ሥዕሎቻችን ላይ ሕዝቡ ፍየል የሚገብርለት አርዌ የሚባል ዘንዶ አለ፤ ልጅ ሆኜ ሳየው እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ነገር ግን ያንን ሥዕል አይቶ የቁስል አስተሳሰር የተማረ ሰው የለም። ካሜራ ግን የዐይን ምስክር ይመስላል። ሰሊጥ ማሳ ውስጥ በሌሊት የተጨነቀ ልጅ ትዝ የሚለው ያየው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው እንደሚሞትበትም ይገምታል። አብዛኛው እንደ እኛዎቹ አራሚዎች ያለ የገጠር ድሃ ነው።

ከናንተ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስለዚያ ድራማ ዳግመኛ ስትጽፉ ከግርጌው ይህን አስገቡልኝ፦ እባብ የነደፈው ሰው አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ እግሩ አይታነቅ። ቀለበትና አምባር ከማበጡ በፊት ይውለቅ። የተነደፈው እግር ወይም እጅ በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ፤ ሰውየውም አይሩጥ፣ ሌሎች ይሸከሙት። እባቡን ማንም አይከተል። ፀረ መርዙ በየጤና ጣቢያው ሁልጊዜ አለ ብዬ አልዋሽም፤ ስለዚህ ከመንገድ ላይ ሆናችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ያለበትን ጠይቁ፣ በቀጥታ ወደዚያው ሂዱ።

የድራማው ቀጣይ ክፍል እሁድ ማታ ነው፤ ከዚያ በፊት ቢወጣልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ነርስ፣ ከጎንደር