ለማሳካዋ ጃጃና በመንገዴ ሁሉ ለደገፋችሁኝ፦ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከአዲስ አበባ በሞተር ተነሥቼ በኬንያና በኡጋንዳ በኩል ኪጋሊ ደርሼ እንድመለስ የፈቀደልኝ፣ በክፉ ቀንም ሰው ያላሳጣኝ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። በመልሱ ጉዞ ኡጋንዳ ውስጥ ማሳካ ከተማ አጠገብ ወባ ጥሎኝ የሆነውን ሁሉ ብዙዎቻችሁ ቀን በቀን ስትከታተሉ ስለነበር እዚህ አልደግመውም። ይህን የምጽፈው በስልክ ተናግሬ ያልወጣልኝን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ ነው።

በመጀመሪያ የማመሰግነው ስማቸውን እንዳልጠራ የለመኑኝን፣ የሠፈራቸው ሰው ሁሉ እንደ አያቱ «ጃጃ» እያለ የሚጠራቸውን እናት ነው። የልጅ ልጃቸውን ለማሳከም ጤና ጣቢያ መጥተው አግዳሚው ላይ ከጎኔ ከመቀመጣቸው በቀር ከእኔ ጋር የሚያገናኛቸው ምንም ነገር አልነበረም። የደም ምርመራው ወባ መሆኑን አሳይቶ ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ሲታዘዝልኝ፣ ማደሪያ እንደሌለኝ ከነርሷ ሰምተው ብድግ አሉና ቦርሳዬን አነሡ። ከየት እንደመጣሁ፣ ሃይማኖቴ ምን እንደሆነ፣ ገንዘብ ይኑረኝ አይኑረኝ አልጠየቁም፤ ቤታቸው ወስደው ራሳቸው በሚተኙበት አልጋ ላይ አጎበሩን ዘርግተው አስተኙኝ።

ኮአርተም የመጀመሪያው መጠን በተወሰደ በ8 ሰዓት ሁለተኛው ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ እየተወሰደ በ3 ቀን ውስጥ 6ቱ መጠን ይሞላል። የእኔ ሁለተኛ መጠን የሚደርሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር። ጃጃ በዚያ ሌሊት ከሰል አያይዘው ወተት አፈሉ፤ መድኃኒቱን ሰውነት በሚገባ የሚቀበለው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ መሆኑን ነርሷ ነግራቸው ነበርና። አራቱን ቢጫ ክኒኖች በመዳፋቸው ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ማጅራቴን ደግፈው፣ እያንዳንዷን በወተት እስክውጥ ጠበቁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰኝ እንደገና መውሰድ ስለሚኖርብኝም ተመልሰው አልተኙም፤ ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ላቤን በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉልኝ ቆዩ። እኔ በትኩሳት ውስጥ ሆኜ በአማርኛ «እማዬ» ስላቸው፣ እሳቸው በሉጋንዳ ይመልሱልኝ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ይቅርታ አድርጉልኝና ወደ ነገሬ ልመለስ።

ምግብ መቅመስ ስጀምር ማቶኬ አቀረቡልኝ። ጥሬውን ሙዝ ልጠው፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው፣ ድስቱን ከላይ በቅጠል ደፍነው በእንፋሎት ሲያበስሉት የሚወጣው ሽታ አያቴ በኮባ ጠቅልላ ከምትጋግረው ቆጮ ሽታ ጋር አንድ ሆነብኝና የበላሁት እያነባሁ ነበር። ማሳካ የሮቡስታ ቡና አገር ናት፤ ጃጃም እንደ አገራቸው ወግ ተቀቅሎ የደረቀ ቡና በትንሽ ሙዳይ አቅርበው እንዳኝክ ጋበዙኝ። እኔም ከቦርሳዬ የይርጋ ጨፌ ቡና አውጥቼ በብረት ምጣዳቸው ቆልቼ አፈላሁላቸው፤ ጢሱን ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ አዞርኩ፣ እነሱም እየሳቁ አሸተቱ። ስሰናበታቸው ገንዘብ ባወጣ እጄን ጨብጠው መለሱልኝ፤ በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት «እናትህ ዘንድ ስትደርስ ደውለህ ድምፅዋን አሰማኝ» አሉኝ። ደውለናል፤ ሁለቱ እናቶች አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ ሳያውቁ ረጅም ሰዓት አወሩ።

ጃጃ፣ ይህን ተርጉሜ ለልጅ ልጅዎ እልክላታለሁና ታነብልዎታለች። እርስዎ ለእኔ ያደረጉልኝን እኔ ለማንም አድርጌ አላውቅም። ዌባሌ ኞ (በጣም አመሰግናለሁ)፣ ጃጃ። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ከመንገድ ዳር ያነሣችሁኝ የቦዳ ቦዳ (የሞተር ታክሲ) ተራ ልጆች፣ ከፊት አንዱ እየነዳ፣ ከኋላ ሌላው አቅፎ ይዞኝ፣ መሐል አድርጋችሁ ጤና ጣቢያ ስላደረሳችሁኝ ነፍሴን ያተረፋችሁት እናንተ ናችሁ። ፓስፖርቴን፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርዱን (ድንበር ተሻጋሪውን የሞተር ኢንሹራንስ) እና ገንዘቤን የያዘው የአንገት ቦርሳዬ ሳይነካ ደርሷል። የምነዳው ቦክሰር የተባለው ሞተር መሆኑም በጀኝ፤ የእናንተም ሞተር እሱው ነውና እኔ ተኝቼ ሳለ ያለቀውን ካቴናና የፍሪሲዮን ሽቦውን ቀይራችሁ፣ አጥባችሁ አስረከባችሁኝ። አቅሜ ገና ያልተመለሰ መሆኑን አይቶ የሉዌራ ረግረግ እስኪያልፍና ካምፓላ እስክገባ ድረስ በራሱ ሞተር ከኋላዬ የተከተለኝን ወንድሜን ለብቻው አመሰግነዋለሁ፤ የዚያን ቀን ገበያውን ስለ እኔ አጥቷል።

በካምፓላ ካባላጋላ ያላችሁ ኢትዮጵያውያን ወገኖቼ፣ ሾርባውንም ጸሎቱንም አልነፈጋችሁኝምና እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሰሜን ኬንያው የዲዳ ገልገሉ ሜዳ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሳለ ውሃና ጥላ የሰጣችሁኝ የቦረና እረኞች፣ ገለቶማ። በናኩሩና በኤልዶሬት በኩል እስከ ኡጋንዳ ድንበር ማላባ ባለው መንገድ መብራት እያበራችሁ መንገድ የለቀቃችሁልኝ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ሞያሌ ላይ የመንገዱን ግራ መያዝን፣ የሩዋንዳ መግቢያ ጋቱና ላይ ደግሞ ወደ ቀኝ መመለስን ደጋግማችሁ ያስታወሳችሁኝ የኬላ ሠራተኞች፣ እናንተም ተመስገኑ። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለውን 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ያደረጋችሁ ሠራተኞች ምናልባት ይህን አታነቡትም፤ ቢሆንም መንገዱ እንደ ቀድሞው ኮረኮንች ቢሆን ኖሮ በዚያች ሞተር፣ ከሕመም በተነሣ ጉልበት አገሬ ባልገባሁ ነበር።

የአዲስ አበባ የሞተር ጓደኞቼ፣ ቤተሰቦቼና በጸሎት ያሰባችሁኝ ሁሉ፣ ለእናንተ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ማድረሴ ከውለታችሁ ጋር የማይመጣጠን መሆኑን አውቃለሁ። ስማቸውን ያልያዝኳቸው፣ ፊታቸውን ብቻ የማስታውሳቸው ብዙዎች ናቸው፤ በትኩሳት ውስጥ ሆኜ ፊታቸውን እንኳ ያላየኋቸውም አሉ። ሳልጠራችሁ የቀራችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ፤ የቀረ ሰው የምታውቁም አስታውሱኝ፣ ደውዬ አመሰግናለሁ። ናይሮቢ ላይ የዝናብ ልብሱን አውልቆ ያለበሰኝ ወንድሜም ልብሱ ታጥቦ ተጣጥፏል፤ ወደ ሞያሌ በሚወርድ የመጀመሪያ ሰው እልክለታለሁ።